የአጎቴ አጨባበጥ

አጎቴ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ የኖሩ፣ ክንደ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሰላምታቸው ግን ያስፈራ ነበር፤ የጨበጡትን እጅ፣ ባለቤቱ «በቃ!» እስኪል አይለቁም። እኔ ኮተቤ ስለ ሰውነት አሠራር አስተምር ስለ ነበር በተለይ ይፈታተኑኛል። «አንተ መምህር፣ ከጠመኔ የከበደ ነገር አንሥተህ ታውቃለህ?» ይሉና ይሥቃሉ። የጡንቻ መጠንና የጉልበት ብርታት ሁልጊዜ እኩል እንደማይሄዱ፣ ነርቭና የዘመናት ልምድም ድርሻ እንዳላቸው ሳስተምር፣ ምሳሌዬ እሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አባዬ በጣም ከስቷል፤ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። ሐኪም ቤት እንውሰደው?»

ሄድኩና ጨበጥኳቸው። «ኧረ በቃ!» አልኩ።

«አየሽ?» አሏት እየሣቁ።

እኔም፣ «መክሳት ድካም አይደለም፤ ጉልበታቸው እንዳለ ነው» ብዬ አረጋጋኋት። ሐኪም ያያቸው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሕመሙ ሥር ከሰደደ ወዲያ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ያስተማርኩት ትምህርት ስህተት አልነበረም። መጠየቅ የነበረብኝ ግን ስለ ጉልበታቸው ሳይሆን ያ ሁሉ ሥጋ ለምን እንደ ጠፋ ነበር። ደግሞም ያን ቀን እጄን በእርግጥ አሞኝ እንደ ነበር፣ ወይስ በልማድ ብቻ «በቃ» እንዳልኩ ለመለየት፣ ዛሬ ትዝታዬን አላምነውም።

በተዝካራቸው ዕለት ልጃቸው ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እርስዎ መጥተው ባያረጋጉን ኖሮ በጭንቀት እናልቅ ነበር፤ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ይገባ ነበር። «አሜን» አልኩ።