የጾም ትል

ትሎቹን ትቶልን የሄደው ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቶ ይኖር የነበረ ፈረንጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ያስተምር ነበር። ኮሮና ሲገባ በጥድፊያ አገሩ ገባ፤ ክፍሉን ሳጸዳ ከአልጋው ሥር የአሳ ማጥመጃ ዘንግ፣ ጥቂት መንጠቆዎችና አንድ ከረጢት የላስቲክ ትል አገኘሁ። ትሎቹ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ነበሩ። ሲነኳቸው ጭራቸው ይንቀጠቀጣል። ከረጢቱ ላይ አፉን የከፈተ አሳ ተስሏል፤ ባስ እንደሚባልና አገሩ ሰው ሁሉ እሱን ሲያሳድድ እንደሚውል ሰውዬው ነግሮኝ ነበር። በአምቦ ዙሪያ እንዲህ ያለ አሳ የለም። ያሉትም አሳዎች ሐምራዊ ትል አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እኔ ጸጉር ሠሪ ነኝ። ከአሳ ጋር ምንም የሚያገናኘን ነገር ስላልነበረ ከረጢቱን ሱቄ ውስጥ መሳቢያ ከትቼ ረሳሁት። ያስታወሰኝ የእናቴ ደም ማነስ ነው።

አባቴ የሞተው በዚያው ዓመት ነበር። ከአርባው በኋላ እናቴ የቀረበላትን ሁሉ "ጥሩ ነው" ማለት ጀመረች። ለማያውቃት ይህ ደህና ነገር ይመስላል። እናቴ ግን የእኔን ወጥ ጥሩ ነው ብላ አታውቅም። ወይ ጨው ይበዛዋል፣ ወይ ሽንኩርቱ አልተቁላላም፣ ወይ ደግሞ "ማን ነው ያስተማረሽ?" ትለኛለች፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ሁለት ጊዜ ትጎርስና "ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋለች። የሰው ቤት እንግዳ የሆነች ያህል። ፈራሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ሁዳዴ ሲገባ ከደረጃው ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ደሟ በጣም አንሷል፣ እንቁላልና ጉበት ትብላ፣ እንዲህ ከቀጠለች ኃላፊነቱን አልወስድም አለ። እሷ በትሕትና "ከፋሲካ በኋላ" አለችው። የነፍስ አባቷን ወደ ቤት ጠራሁ። ለታመመ ተፈቅዷል አሏት። "ለታመመ ነው እንጂ ለደከመ አልተፈቀደም፣ አባ" አለቻቸው። እሳቸውም ቆሎ በልተው ሄዱ።

የቀረው አሳ ነበር። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ አባቴ በየጾሙ ከዝዋይ የሚመጣውን ይገዛ ነበር፣ እሷም ትበላ ነበር። ስለዚህ ከዚያው ሰው ገዝቼ አመጣሁ። ዓይኑን አየችና "ይሄ በረዶ ላይ ያደረ ነው" አለች። አባቴ ሲያመጣውም በረዶ ላይ ያደረ ነበር። ያኔ ግን የበረዶው ነገር ተነስቶ አያውቅም።

"ትኩስ ከሆነ ትበያለሽ?" አልኳት።

"ትኩስ ከሆነማ ምን ችግር አለው።"

"ጉደር ወርጄ አጠምድልሻለሁ።"

"በምን?"

"በትል ነዋ።"

ፊቷ ተኮማተረ። ትል የዋጠ አሳ በአፏ እንደማይዞር ነገረችኝ። ያኔ ነው መሳቢያው ትዝ ያለኝ።

ጉደር ከአምቦ በሚኒባስ ቅርብ ነው። በበጋ ወንዙ ይቀንስና ከድልድዩ ወረድ ብሎ ውሃው በየድንጋዩ ሥር ይጠራቀማል። ሴት ዘንግ ይዛ ስትቆም የሚያይ ሰው ሁሉ ሥራውን ይተዋል። ሐምራዊውን ትል ጣልኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ጎተተኝ፤ እየተንሸራተትኩ ባወጣው ጺማም አምባዛ ነው። በጣም ተደሰትኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ቅርፊቱስ?"

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለው አይበላም። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አልነበረም፤ ደስታው አስረስቶኝ ነው። አምባዛው ለጎረቤት ተሰጠ፤ ጎረቤታችን ጾምም ቅርፊትም አይመለከትም።

የቀሩትን ትሎች በየቀለማቸው ለይቼ የሱቄ መስኮት ላይ በፕላስቲክ ሳህን ደረደርኳቸው። ፀሐይ መታቸው። ማታ ስመለከት ቀልጠው ከሳህኑ ጋር ተጣብቀዋል፤ ሐምራዊው ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከብርቱካናማው ተዋህዶ አንድ ትልቅ ትል ሆኗል። ለአዞ ካልሆነ አይሆንም።

እንግዲህ ራሴ መሥራት ነበረብኝ። ኔትወርክ ሲኖር ስልኬ ላይ እንዳየሁት፣ ፈረንጆቹ መንጠቆውን በሞርሳ፣ በመቆንጠጫ ብረት፣ አስረው ላባ ይጠመጥሙበታል። ሞርሳ ስለሌለኝ የፒንሳ አፍ በጸጉር ላስቲክ አጥብቄ በጉልበቴ ያዝኩት። ክር አጥብቆ መጠምጠም ሥራዬ ነው። ላባውን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ገብስማ አውራ ዶሮ ነው፤ ነጭና ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ሲርገበገብ በእውነት ነፍስ ያለው ይመስላል። ጫፉን በጥፍር ቀለም አሽጌ ለእናቴ ኮርቼ አሳየኋት።

"ይሄ ዶሮ ነው" አለች።

"ላባ ነው።"

"ላባው የማን ነው?"

"አሳው እንጂ አንቺ አትበይውም።"

"አሳው ዶሮ በልቶ እኔ አሳውን ከበላሁ፣ ምኑን ጾምኩት?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐኪም አይመልሰውም። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ላባውን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ "አሳው ላባውን ከበላ ጾሙን የሻረው አሳው ነው" አሉኝ። ቃሉን እየሮጥኩ አደረስኩ። እናቴ ሰማችና "አባ ደግ ናቸው፣ ለሰው ያዝናሉ" አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

የዚያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ "ምንድን ነው የምትፈልጊው?" ልላት ምንም አልቀረኝም። የእጇን አንጓ አየሁና ተውኩት። የእጅ አምባሯ እስከ ክርኗ ድረስ ይንሸራተት ነበር።

ላባ የለ፣ ሱፍ የለ፣ ቆዳ የለ። የጾም ትል ልሠራ ሱቄ ገባሁ። ዙሪያዬን ስመለከት ቅጥያ ጸጉር በየቀለሙ ተሰቅሏል። ሐምራዊ አለ፤ ሙሽሮች አይወስዱትም፣ ተማሪዎች ይወስዱታል። ቀጭን ሹሩባ ሠራሁና መንጠቆው ላይ አሰርኩት፣ አናቱ ላይ ሹሩባ የምናስጌጥበትን ዶቃ ሰካሁበት። የላስቲኩ ትል ጭራ ጥምዝ ስለነበር የእኔንም እርሳስ ላይ ጠቅልዬ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሹሩባ የምንጨርሰው እንደዚሁ ነው። ሲቀዘቅዝ ተጠማዞ ቀረ። በባልዲ ውሃ ውስጥ ስጎትተው ጭራው ተወዛወዘ። ደንበኛዬ ጸጉሯ በግማሹ ተሠርቶ "ለእኔም እንዲህ ይሁንልኝ" አለች።

እናቴ ትሉን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

"የማን ጸጉር ነው?"

"የማንም አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው።" ማሸጊያውን ጭምር አምጥቼ አነበብኩላት።

አገላበጠችው፣ ጎተተችው። ክሩ ላላ።

"እንዲህ ነው የምታስሪው? ሰው ከፍሎሽ?" አለች። "መነጽሬን አምጪልኝ።"

አባቴ ከሞተ ወዲህ መነጽር ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሄጄ ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳሁት፤ መስታወቱ አቧራ ለብሷል። በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋት። ክሬን በጥርሷ በጥሳ ጣለችና ራሷ የፈተለችውን ጥጥ አስመጣች። ፒንሳውን በጉልበቷ ይዛ ከአናት እስከ ወገብ እንደገና አሰረችው። ስጎትተው ክሩ አልላላም።

በማግሥቱ ጉደር ወረድኩ። ከድልድዩ ሥር አንድ ሰውዬ አይሱዙ ያጥብ ነበር። "አዴ፣ ቁርጡሚን ጅራ?" ብሎ ጮኸ፤ አሳ አለ ወይ ማለቱ ነው። "ሂንጅሩ" አልኩት፣ የለም። የለም ከማለቴ ዘንጉ ጎበጠ። ያወጣሁት ክንዴን የሚያህል ነበር፤ ቅርፊቱ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ። ቅርፊቱን በጣቴ ነካሁ፣ ደግሜም ነካሁት። ሰውዬው ባልዲውን ጥሎ መጣና መንጠቆው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "ሪፌንሳ" አልኩት፣ ጸጉር። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ተኝታለች ብዬ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቁጭ ብዬ አሳውን ቀደድኩት። ሆዱ ሙሉ ትል ነበር። እውነተኛ ትል፣ ከእነ ጭቃው። ቶሎ ብዬ አመድ ላለብስበት ስዞር እናቴ በላዬ ቆማለች። መነጽሯን አድርጋለች።

"ምንድን ነው?"

"ጭቃ ነው።"

"ትል ነው።"

ቢላዬን አስቀመጥኩ። የዚያን ሁሉ ቀን ድካም አመድ ላይ ዘርግቼ የማየው መሰለኝ።

"አየሽ፣ ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት" አለች። "አሳ ምን እንደሚበላ ሳላውቀው ቀርቼ ነው?"

"ታዲያ በረዶው፣ ትሉ፣ ዶሮው?"

"አባትሽ ከሄደ መብላት አስጠላኝ። ጾም ሲሆን ደግሞ ማንም ለምን አልበላሽም አይልም።" የማድ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "አንቺ ግን ምክንያት ጨረስሽብኝ። አሁን ምን እላለሁ?"

አሳውን አጥቤ በዘይት ጠበስኩት። ቃሪያ ቆርጬበት ከእንጀራ ጋር አቀረብኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አንዴ ጎረሰች። ደገመች። ሦስተኛውን ጉርሻ በእጇ ይዛ ወደ ሳህኑ አየች። ጥሩ ነው ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ያንን ቃል ብትናገር ምን እንደምሆን አላውቅም።

"ጨው አንሶታል" አለች።

ጨው ላመጣ ጓዳ ገባሁና መደርደሪያውን ይዤ አለቀስኩ። እሷ ሳህኑን ከፊቷ ሳትገፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ "ጨው እስኪመረት ነው እንዴ የምጠብቀው?" ብላ ተጣራች።