የሰባ አምስት ሳንቲም ቼክ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የሳንቲም ጉዳይ ነው። ሆኖም በእኔ ስህተት እናቴ እንደ አታላይ ታይታለችና እንደሆነው ልጻፈው።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በኮሮናው ወረርሽኝ ሰሞን ሳንቲም ጠፍቶ፣ ባንኩ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላለችው ሱቃችን ዝርዝር መስጠት አቆመ። እናቴ መልስ በከረሜላ መስጠት ስላሳፈራት ከቼክ ደብተሯ የሃያ አምስት፣ የሃምሳና የሰባ አምስት ሳንቲም ቼኮች አዘጋጀች። እሷ ትፈርማለች፤ እኔ መጠኑንና ቀኑን እጽፋለሁ። ደንበኛው ተመልሶ ይገዛበታል፣ ካሻውም ባንክ ይወስደዋል።

ከሁሉም ይበልጥ የተጠራጠሩት ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ አንድ ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ነበሩ። እሳቸው ከቀሩ ሌሎቹም ነጂዎች እንደሚቀሩ እናቴ ታውቃለች።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ የመጀመሪያውን ቼክ ወደ መብራቱ አንስተው።

«መልስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«ሎተሪ መስሎኝ።»

ዘጠኝ ቼክ እስኪሞላ አጠራቀሙ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ቼኮቹን ባንኮኒው ላይ ደረደሩ።

«ዲፖዚት ላደርግ ብሄድ የባንኩ ሠራተኛ ሳቀችብኝ። 2012 ይላል፤ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል አለችኝ። ሶ፣ አውቀሽ ነው?»

እናቴ ቼኩን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ቀኑን የገለበጥኩት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን የእኛን አቆጣጠር ላሳያት፣ ደስ ላሰኛት ብዬ ነው። እሷም በዚያው ስለምትቆጥር ልብ አላለችውም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«ጽሕፈቱ ከፊርማሽ ጋር አይሄድም።»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ። «በሐበሻ ቆጥሬ ነው።»

«አንቺ እዚህ ተወልደሽ በሐበሻ ትቆጥሪያለሽ?» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጅቷንም አስጠናሻት?»

አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ዘጠኙንም ቀድዳ ሌሎች ቼኮች በ2020 በራሷ እጅ ጻፈችላቸው። ሰኞ ባንክ ሄዱ፤ ተከፈላቸው። ማክሰኞ በርበሬ ሊገዙ መጡ፣ ሌሎቹም ነጂዎች ተከትለዋቸው።

ይቅርታ አልጠየቁም። ሳንቲም ተመልሶ እስኪገኝ ድረስ ግን ቼክ በተቀበሉ ቁጥር መነጽራቸውን አድርገው፣ ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ፣ ቀኑን ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያነበቡት ኦክቶበር 24 ቀን 2020 ነው።