ደምሴ የተሸከመው ምሰሶ

ልጅ ሳለሁ ቂመኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ብዙ አልተሻለኝም። ቦሌ ቡልቡላ ያኔ ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር አያቴ አባባ ቱፋ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡኝና ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ዝም ብለው ይጠብቁትና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አብልጬ የምወደው አንበሳው በጥም የሞተበትን ነበር። በድርቅ ዘመን ውኃ የተረፈው ከአንድ ቋጥኝ ሥር ብቻ ነው፤ ለመጠጣት መንበርከክ ግድ ነው። አውሬው ሁሉ ተንበርክኮ ጠጣ። ንጉሡ አንበሳ ግን «ሎሌዎቼ እያዩኝ?» ብሎ እንደቆመ ደረቀ።

«ሞተ?» እላለሁ።

«ሞተ።»

«ተሠቃይቶ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጎሽ ነው?» ይሉና በጭሱ ውስጥ ትክ ብለው ያዩኛል።

ምን እንዳደረገኝማ ያውቃሉ። ለእኔ አንበሳው ደምሴ ነበር። በመሬት ድለላ የከበረው ጎረቤታችን ደምሴ፣ አባባ ለዓመታት በዳኝነት የመሩትን እድር መያዝ አማረውና በስብሰባ መሀል «አንተ ሽማግሌ፣ ዘመንህ አልፏል፤ ወንበሩን ልቀቅ» አላቸው። ሀብቱን የፈራውም የወደደውም እጁን አወጣለት። አባባ ተነሥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን ደምሴን ከነመኪናው መሬት እንድትውጠው ለማርያም ተሳልኩ።

ዳኛ ከሆነ በኋላ ለቅሶ ቤት ሹፌሩን ይልካል እንጂ ራሱ ደርሶ አያውቅም። ከዚያ በአንድ ክረምት እናቱ ሞቱ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ሰፈሩም ወጣ፤ ድንኳኑን የሚነካ ግን ጠፋ። ጎረምሶቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። ደመናው ከብዷል፤ ደምሴ «ምን ትጠብቃላችሁ? ትከሉ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ንቅንቅ ያለ የለም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ጮቤ ረገጥኩ።

አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

«ለእሱ? አባባ፣ ለእሱ?» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«እናቱ ምን አደረገችን?» ብለው የወፍራሙን ምሰሶ አንድ ጫፍ አነሡ። ይህን ሲያይ ሰው ሁሉ ተንጋግቶ ተከተላቸው። የምሰሶውን ሌላኛውን ጫፍ ደምሴ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ያዘው።

ከሰልስት በኋላ እድርተኛው አባባ ወደ ወንበሩ ይመለሱ ቢል እሳቸው «የለም፣ እሱ ይቆይ፤ ብቻ ድንኳን ሲተከል ምሰሶውን ዳኛው ይሸከም» አሉ። አባባ ይህን ትምህርት ይሉት ነበር። ለእኔ ግን የጣፈጠ በቀል ነበር፤ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ደምሴ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ለማየት አጥር ላይ እንጠለጠል ነበር።

አባባ ሲያርፉ ትልቅ ሴት ሆኛለሁ። በማለዳ ምሰሶውን ተሸክሞ ከበራችን የቆመው፣ ፀጉሩ የነጣ ደምሴ ነበር፤ ማንም አልጠራውም። ከትከሻው ልነጥቀው፣ «የእሳቸውን ድንኳን እንኳ አትንካ» ልለው ወጣሁ። እሱ ቀና ብሎም አላየኝም፤ ያለቅሳል።

ከዚያ ሁሉ ተረት የቀረልኝ ይኸው ነው፦ ደምሴን ይቅር አላልኩትም፤ ምሰሶው እንዲገባለት ግን የበሩን ሁለቱንም ክንፎች ከፈትኩለት።