ኬ እንደ ቆቦ

ወንድሜ ሳውዲ ልሻገር ብሎ ባሕር ላይ ቀረ፤ ስልኩ ተርፎ መጣ። ይሄን ፍርድ በሉት። ያመጣው ከጀልባው የተረፈ ጓደኛው ነው። «ከመሳፈራችን በፊት ለእማዬ ብሎ ድምፁን ቀድቷል» አለን።

ጨው ስክሪኑን አጨልሞታል፣ የገመድ መሰኪያውንም በልቶታል። ባትሪው አብጧል፤ አውጥተን በሌላ ስልክ ሞልተን ስንመልሰው የቁጥር ቁልፎቹ ትንሽ ያበሩና ይጠፋሉ። በጨለመ ስክሪን እንዴት ይላካል? ኮምፒውተር ግን በብሉቱዝ ገብቶ ይወስዳል። ወንድሜ ደግሞ ብሉቱዙን አጥፍቶ አያውቅም።

እኔ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ዘፈን ጫኝ ነኝ። የሰው ፍላሽ ኮምፒውተሬን በቫይረስ ሲጨርሰው፣ ደሴ ኮሌጅ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚሉትን ጭኖልኝ ሄደ። ቫይረሱ ጠፋ፤ ብሉቱዙም አብሮ ጠፋ። ጥፍር የምታክለዋን የብሉቱዝ መቀበያ ብሰካት ብነቅላት ወይ ፍንክች።

እማዬ የበራውን ስልክ በመዳፏ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

«ተዘግቶብህ ነው፣ በትእዛዝ ትከፍተዋለህ። ጻፍ። አር እንደ ራያ፣ ኤፍ እንደ ፍየል፣ ኬ እንደ ቆቦ...»

ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለ። ደገምኩ። አላውቅም።

«አንተ፣ ከስምንተኛ ያቋረጥከው በምን ነበር?»

«እንዳንተ ባለ አስተማሪ።»

«የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«አር፣ ኤፍ፣ ኪው...»

«ኪው ከየት መጣ?»

«ቆቦ አላልክም?»

«ቆቦ በኬ ነው፣ ደንቆሮ!»

«እዚህ ባጃጁ ሁሉ ላይ በኪው ነው የተጻፈው!»

«ልጆች፣ መብራቱ እየደከመ ነው» አለች እማዬ።

በኬ ጻፍኩት። ብሉቱዙ ተከፈተ። የወንድሜ ስልክ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ። በጨለመው ስልክ ላይ የእሺታውን ቁልፍ በዳበሳ ጫንኩ፣ ለሚስጥር ቁጥሩ ዜሮ ደጋግሜ መታሁ፤ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ወደ ራሱ መገልበጥ ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ቁልፎቹ ጨለሙ። ከዚያ ወዲያ ምን ባትሪ ብንቀያይርለት አልነቃም።

የመጣውን ከፈትኩት። ንፋስ፣ ከዚያ የሱ ድምፅ፦ «እማዬ፣ ስሚኝማ...»

«ቀጥለው እንጂ» አለች።

«ይኸው ነው እማዬ። ስልኩ ሞተ።»

«የኔ ልጅ ስሚኝ ብሎ ዝም አይልም።»

አንዱ ዘፈን ሊያስጭን ፍላሹን ይዞ በር ላይ ቆመ። ዛሬ የለም አልኩት። እማዬ ፊቷን ከድምፅ ማጉያው አላነሳችም።