አራት ሰከንድ ዝምታ

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የእኔ ሙዚቃ አስተናጋጅ አስሮጠ።

ባለፈው ሳምንት ያለ አሳታሚ፣ ራሴ ኢንተርኔት ላይ የለቀቅኩትን የኤሌክትሮኒክ አልበም እትዬ ዘነቡ እዚህ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ያለው ምግብ ቤታቸው ውስጥ "እስቲ ሰው ይስማልህ" ብለው ከፈቱልኝ።

ሦስተኛው ሙዚቃ መሃል ላይ ድምፁ በሙሉ ቆሞ አራት ሰከንድ ዝም ይላል። ከአልበሙ ሁሉ የምኮራው በዚያች ቦታ ነው።

ዝም ከማለቱ አንዱ ተመጋቢ "ከህረባ ማፊ!" ብሎ ጮኸ፤ መብራት ጠፋ ማለቱ ነው። አስተናጋጁ ዴንግ ትሪውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ፣ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ። እትዬ ዘነቡ "ጠዋት አይደል እንዴ ናፍጣ የሞላነው?" አሉ።

ፋኑ ከላያችን እየዞረ ነው። ቀና ብሎ ያየው ግን የለም።

(እኔ ራሴ፣ የሙዚቃው ሠሪ፣ ስልኬ ስንት ፐርሰንት ቻርጅ እንደቀረው አይቻለሁ።)

ድምፁ ሲመለስ ቤቱ በሙሉ "እፎይ!" አለ።

"ልጄ፣ ሙዚቃው ደስ ይላል" አሉኝ እትዬ ዘነቡ ስወጣ። "ያቺን ዝምታ ግን አውጣት፤ ታስደነግጣለች።"

እኔ ለእረፍት ብዬ ነበር ያስገባኋት። ለካ ጁባ ውስጥ አንድ ነገር ዝም ካለ፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ላወጣት አስቤ ነበር። ግን የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ላይ እፎይ ብለው ሲተነፍሱ ሰማሁ። እሱን በየትኛው ሶፍትዌር ልሠራው እችላለሁ? ትቆይ።

እናንተስ ያላችሁበት ቦታ በድንገት ዝም ሲል፣ መጀመሪያ የምታስቡት ምንድነው? ጻፉልኝ።