በቆጥ ላይ የቆዩ እንጨቶች

አባቴ የሚያርሰው የሰው መሬት ነበር፤ ደጋን የሚሠራው ግን ከራሱ እንጨት ነው። ይህን ልዩነት በአፉ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። ሆኖም በቤታችን ውስጥ ከበሬዎቹም ሆነ ከጎተራው ይልቅ የሚሳሳለት ከምድጃው በላይ ላለው ቆጥ እንደ ነበር ሳስታውስ፣ ልቡ የት እንደሚውል ለመረዳት አያዳግተኝም። በዚያ ቆጥ ላይ ስለ ነበሩት እንጨቶች እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። አሁን የምጽፈው በነገሩ ሊያፍር ወይም ሊያዝን የሚችል ሰው በሕይወት ስለሌለ ነው።

ደጋን ስል ጦረኛ የሚገትረውን ቀስት ማለቴ አይደለም። ሴቶች የተዳመጠውን ጥጥ ለፈትል ከማዘጋጀታቸው በፊት የሚነድፉበትን፣ በጅማት የተወጠረውን ጎባጣ እንጨት ማለቴ ነው። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የአርሲ ኦሮሞዎች፣ ጥቂቶቹ እንደ እኛ ከሸዋ የመጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ነበሩ፤ የአባቴን ደጋን ግን የሁለቱም ወገን ሴቶች ይፈልጉት ነበር። የሌላ ሰው ደጋን በሁለተኛው ክረምት ወገቡ ይላላል፤ የእርሱ አይላላም ይባል ነበር። ምክንያቱ የእጅ ጥበብ ብቻ አልነበረም። እንጨቱ መጥረቢያ ከነካው በኋላ ዓመታትን የሚቆይ በመሆኑ ነው።

የሚመርጠው ለንቋጣን ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ዶቆኑ ይሉታል። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ ጨረቃ ስትጎድል ጠብቆ፣ ፀሐይ ከማይበዛበት የገደል ጥግ ይቆርጣል። ቅርፊቱን አይልጠውም። እርጥበቱ በጫፉ በኩል ቸኩሎ ወጥቶ እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ሁለቱን ጫፎች በእበት ይመርጋል። ከዚያም በበረቱ ጥላ ሥር ካቆየው በኋላ ወደ ቆጡ ይወስደዋል። ቆጡ ላይ ሥርዓት ነበረው፦ የዘንድሮው ቆረጣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ከእሳቱ ርቆ ይቀመጣል፤ የአምናው ወደ መካከል ይጠጋል፤ የቆየው ደግሞ በቀጥታ ከጢሱ በላይ ይሆናል። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ወደ እሳቱ ይቀርባሉ። እንግዳ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ ግን የሚታየው በጥላሸት የጠቆረ፣ ቀጥ ያለ ረዣዥም እንጨት ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ ማንም አባወራ ለቤት ማደሻ የሚሆን ማገር ቆጥ ላይ ማኖሩ የተለመደ ነበር።

እናቴ ቀደም ብላ አርፋ ስለ ነበር አባቴ ብቻውን ይኖር ነበር። እኔ አሰላ ከተማ አስተምር ነበር፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ኢተያ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ እጠይቀዋለሁ። በዚያ ዘመን ትራክተር በስንዴው አገር ከጥግ እስከ ጥግ ይዞር ጀምሮ ነበር፤ ትራክተር የገባበት መሬት ደግሞ ጭሰኛ አያስፈልገውም። ተራው ለእኛ ሲደርስ ግንቦት ሊያልቅ ቀርቦ ነበር። ባለመሬቱ ከክረምቱ በፊት አርሶ ሊዘራ ስለ ፈለገ፣ ቤታችን በሚመጣው ሰኞ እንዲነሣ ላከብን።

አባቴ መሬቱን ስለ ማጣቱ የተናገረው ጥቂት ነው። «ጉልበቴም ለሞፈር አልቋል» አለኝ። «የቆጡ እንጨት ካለ ግን የምሞትበት ቀን እስኪደርስ ያኖረኛል። ችግሩ ክረምት ነው። አሁን ከጢስ ወጥቶ ዝናብ ካገኘው የዓመታት ድካሜ ገደል ገባ።»

ከጎረቤቶቻችን አንድ ሽማግሌ፣ ከአባቴ ጋር ጥንድ በሬ ተቀናጅተው ያረጁ ሙስሊም ሰው፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ከራሳቸው ይዞታ የቤት ቦታ ሰጥተውት ነበር። አሳባችን ቤቱን ዝናቡ ሲያባራ ልንሠራ፣ እንጨቱን በደረቅ ቀን ልናጓጉዝ ነበር። ስለዚህ አባቴና እኔ ጊዜ ለመለመን ወደ አሰላ ሄድን፤ ሁለት ቀን ደጅ ጠንተን ገባን።

«ጌታዬ፣ መሬቱን አልለምንዎትም» አለ አባቴ ቆሞ። «ቤቱን ብቻ እስከ መስከረም ይተዉልኝ።»

«ቤቱስ መሬቱ ላይ አይደለም እንዴ?» አለ ባለመሬቱ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ሰው ነበር።

«ነው ጌታዬ። እንጨቴ አልደረሰም።»

«የምን እንጨት?»

«የደጋን።»

ባለመሬቱ እኔን አየኝ፤ እንዳስረዳው የፈለገ መሰለኝ። ስለ ጢሱ፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ክረምቱ በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ። ስናገር ነገሩ በራሴ ጆሮ እንኳ እያነሰ ሄደ።

«ትራክተሩ የኪራይ ነው፤ ለእንጨት ብዬ አላቆመውም» አለ በመጨረሻ። ከዚያም አዝኖ፣ «እንጨት ከሆነ ያሳሰበህ ከመሰንጠቂያው ጣውላ አስጭንልሃለሁ» አለው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ አባቴ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

ከመኪና ወርደን ዳገቱን ስንወጣ ቤታችን በቦታው አልነበረም። ምድጃው ባዶውን ቀርቷል፤ ምሰሶ የተነቀለባቸው ጉድጓዶች ተራ በተራ ተከፍተው ይታያሉ። አባቴ ከምድጃው በላይ ወደሚገኘው ባዶ አየር ቀና ብሎ አየ።

ከወንዙ ማዶ ሆታ ተሰማን። ሽማግሌው ጎረቤታችን የሰኞውን ነገር ሰምተው፣ እኛ በሌለንበት አገሩን ሁሉ ለደቦ ጠርተው፣ አሮጌውን ቤት አፍርሰው አዲሱን አቁመውት ኖሯል። ስንደርስ ጣራው ተከድኖ፣ ግድግዳው ዙሪያውን ማገር ተመቶ፣ የመጀመሪያው ጭቃ ተለስኖ አልቋል።

«አስተማሪ!» አለኝ እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተነከረ አንድ ጎረምሳ። «ሥራው ሲያልቅ መጣህ? ና እንጂ፣ እዚህ ጠመኔ የለም፣ ጭቃ ነው ያለው!»

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው አባቴን «ያ ጃርሳ!» ብለው፣ አንተ ሽማግሌ ማለታቸው ነው፣ በሁለት እጃቸው ትከሻውን ያዙት።

«አንተ ስስታም! ያን ሁሉ ማገር ቆጥ ላይ ደብቀህ ነው ቤትህ ዘሞ በግንድ ደግፈህ የኖርኸው? እኛ ማገር ከየት እናምጣ ስንል ላዩ ላይ ተከምሮ አገኘነው! እንጨቱስ እንጨት ነው ወላሂ፤ ምስማር እምቢ ብሎ በመጥረቢያ ጀርባ ነው ያስገባነው።»

በግድግዳው ማዕዘን ላይ ጭቃው ያልሸፈናቸው ጫፎች ወጥተው ይታዩ ነበር። እበቱ ገና አልለቀቃቸውም። አባቴ ጠጋ ብሎ በአንዱ ላይ መዳፉን አሳረፈ። ምን እንደሚል ሁሉም ይጠብቁ ነበር፤ እኔም ጠበቅሁ።

«እጃችሁ ይባረክ» አለ። «ቤት ሠራችሁልኝ። እንዳሳደራችሁኝ ፈጣሪ ያሳድራችሁ።»

«አሚን!» አሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት።

ውስጥ ገብተን ስናይ፣ ያለቀላቸው ሁለት ደጋኖችና የጅማቱ ጥቅል በንጹሕ ነጠላ ተጠቅልለው ከፍ ባለ ሥፍራ ተሰቅለዋል። ሽማግሌው ራሳቸው በእቅፋቸው ይዘዋቸው መምጣታቸውን ነገሩን። የሚያውቁት ደጋን እርሱ ነው፤ ጉብጥ ብሎ፣ ተልጦ፣ ጅማት ተወጥሮበት። ቀጥ ያለውና ቅርፊት ያለው ግን በአገሩ ሁሉ ዓይን ማገር ነው።

ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ፣ «አባዬ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ነገ ጥቂቱን እንኳ ብናወጣ?» አልሁት።

«ምን ብለን?»

«እውነቱን ነግረን።»

«እውነቱን ለሽማግሌው ስነግረው ምን እንዲያደርግ ነው? ተቀምጦ እንዲያለቅስ? ምስማር የገባበት እንጨት አይገተርም፤ ጭቃ የጠጣም ወደ ነበረበት አይመለስም። መሬትም እንጨትም ሄደ፤ የቀረኝ ይህ ሰው ነው። አንተም አፍህን ያዝ።»

ያዝሁ።

ክረምቱ አልፎ ወደ ገደሉ ሲወርድ፣ ትራክተሩ ጥጉን አስፍቶ ስላረሰው ለንቋጣው ከነሥሩ ተገርስሶ ደርቋል። ከታች ጥቂት አገኘ። ይቆዩ ዘንድ አዲሱ ቆጥ ላይ አኖራቸው፤ ነገር ግን የሚጠብቃቸው ጊዜ እንደሌለው ገብቶት ነበርና አንዱን ቸኩሎ ወደ እሳቱ አቀረበው። ከራስጌ እስከ ግርጌ ተሰነጠቀ። ሌላውን በጥሬነቱ ጠርቦ ጅማት ወጠረበት። ጅማቱን ሲፈታለት እንጨቱ ተመልሶ መቃናት ሲገባው እንደ ጎበጠ ቀረ። ያን እንጨት እጁ ላይ ይዞ ሲመለከተው፣ እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ። ያለቀላቸው ሁለቱ ደጋኖች ቀድመው ተሸጠው ነበር።

በሌላ ጊዜ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን እኛ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ፣ ከጮሌ በኩል የመጣች አንዲት ሴት ገባች።

«የእርስዎን እጅ ብዬ ነው የመጣሁት» አለችው። «ልጄን ልድር ነው፤ ያለ ደጋን አልሸኛትም።»

«እንጨት የለኝም እመቤቴ።»

«ዓመት ሙሉ ሲያደርቁ ይኖራሉ ሲሉኝ!»

«አለቀ።»

«አትመኚው!» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ። «ሰንፎ ነው። ቤት ሠርተን ብንሰጠው ምቾቱ አሰነፈው! እንጨትማ በገደሉ ሞልቷል።»

«እውነቱን ነው» አለ አባቴ፤ እርሱም ሳቀ። «ሰነፍሁ።» ከዚያም በበቆጂ አንድ ደጋን ሠሪ እንዳለ ነገራት። ከዚያ በፊት የዚያን ሰው ስም ሲጠሩበት እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ተነሥቶ እስከ መንገዱ ሸኛት፤ ስትገዛ በጥፍሯ መትታ ድምፁን እንድትሰማ፣ የደነቆረ ድምፅ ካለው እንዳትወስደው ሲመክራት በሩቅ ይሰማኝ ነበር።

ሽማግሌው ሳቃቸውን አቁመው በዓይናቸው ተከተሉት።

«አባትህ ምን ሆኖ ነው እጁን ያጠፈው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚወደው ሥራ ነበር። የተማርህ ነህ፤ ንገረኝ እንጂ።»

«እርጅና ነው፣ አባባ» አልኋቸው።

«እርጅናማ ለማን ቀረ» ብለው ከግድግዳው ተደገፉ።