ቦዮ ዳር አስተርጓሚ የሆንኩ ዕለት

ልጅ እያለሁ ሀዲይኛ የምችል ይመስለኝ ነበር። የለቀምኩት ሆሳዕና፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ነው፦ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ «አልቋል»፣ «ነገ ይምጡ»። ቤታችን የሚነገረው ጉራጊኛና አማርኛ ነበር። አባቴ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ይቺ ልጄ ሀዲይኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» ይል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ ከሩቅ አገር የመጣው የሳይንስ መምህራችን የቦዮን ሐይቅ ሊያስጎበኘን ተነሳ። ወፎቹን እናያለን፣ የአካባቢውን ታሪክ ደግሞ ከአንድ አዛውንት አፍ እንሰማለን ተባለ። «ማን ያስተረጉምልናል?» ብሎ ሲጠይቅ በሀዲይኛ አፋቸውን የፈቱት ልጆች አቀረቀሩ። አማርኛ ሲናገሩ ስለምንስቅባቸው እጅ ማውጣት ከተዉ ቆይተዋል። ይበልጥ የሚሳቅባት አየለች ነበረች፤ እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ ከሚስቁት አንዷ ነበርኩ። መምህሩ ሱቃችን ሲመጣ የአባቴን ጉራ ሰምቶ ኖሮ ወደ እኔ ጠቆመ። አልችልም ብል አባቴን ውሸታም የማደርገው መሰለኝና ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። አይሱዙ ላይ ቆመን ወደ ቦኖሻ ከተማ ስንወርድ ሌሎቹ ይዘፍናሉ፤ እኔ የማውቃቸውን ቃላት በሆዴ እደግማለሁ፤ ቶሎ ያልቁብኛል። ከቦኖሻ በእግር ቀጠልን። የጭቃና የረጠበ ሣር ሽታ ከሩቅ ተቀበለን። ነጫጭ ወፎች ከውሃው ላይ ሲነሱ ሁሉም «ውይ!» አለ። እኔ የሚታየኝ የአዛውንቱ አፍ ብቻ ነበር።

አባባ ኤርሳዶ ይባላሉ። በዱላቸው ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር እያሳዩ ረዥም ነገር ተናገሩ። ድምፃቸው አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ይላል፤ መሃል ላይ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከፊቴ ላይ ላብ ይወርዳል፤ ከኋላዬ እነ አየለች ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። የገባኝ «ላም» እና «ውሃ» ብቻ ነው።

«ድሮ... ከብት እዚህ ይጠጣ ነበር ይላሉ» አልኩ።

«ይኸው ነው? ያን ሁሉ ተናግረው?»

«አዎ ቲቸር።»

ሳቁ ፈነዳ። አዛውንቱ ቆጣ አሉና በውሃው ዳር የተደፈጠጠ ሣር እያመለከቱ አጭር ነገር ጨመሩ።

«ሐይቁ ያምራል ይላሉ» አልኩ።

«እንግዲያው እዚያ ሣር ላይ ቁጭ ብለን ምሳችንን እንብላ!» አለና መምህሩ ወደዚያው ተራመደ። የተወሰኑ ልጆችም ተከተሉት። ከኋላዬ ያለው ሳቅ ቀጥ አለ። ከሳቁ ይልቅ ዝምታው አስደነገጠኝ። የአየለችን ክንድ ያዝኩ።

«ምንድን ነው ያሉት?»

«ዛሬ ነው ያወቅሽኝ?»

«በእናትሽ አየለች!»

ክንዷን ነጠቀችኝና ጮኸች፦ «ቲቸር ተመለስ! ጉማሬ መንገድ ነው እሱ!»

መምህሩ ባለበት ደረቀ። ከሸምበቆው ውስጥ እንደ ትልቅ ወናፍ የሚተነፍስ ነገር ተሰማ፤ ሁላችንም ወደ ኋላ ሮጥን። በአየለች አማርኛ የሳቀ አልነበረም። ትንፋሼ ሲመለስ መምህሩ ጋ ሄጄ «አልችልም ነበር» አልኩት። አልተቆጣኝም፤ ባለመቆጣቱ ይብስ አፈርኩ። የቀረውን ቀን ያስተረጎመችው አየለች ናት።

አሁን ሀዲይኛ እናገራለሁ፤ ያስተማረችኝ እሷው ናት። የዛሬ ልጆች ቦዮ ሲሄዱ ስልክ ይይዛሉ፤ ሽማግሌ ሲያወራ ይቀዳሉ። እኛ የነበረን ጆሯችን ብቻ ነበር። አባባ ኤርሳዶ አርፈዋል። አምና አየለችን፣ «ያን የመጀመሪያውን፣ ረዥሙን ንግግራቸውን ታስታውሺዋለሽ? ምን ነበር ያሉት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አልሰማሁትም እኮ» አለችኝ። «ላብሽን እያየሁ እየሳቅሁብሽ ነበር።»